ቀሚሱ ብቻውን አይጫወትም

(ወንድ ሴትን፣ ሴትም ወንድን ሆነው ስለሚጫወቱበት ጥበብ የቀረበ ሂስ)

ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ ሲወጣ የእኛ ተመልካች የሚያውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ሳቅ። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት፣ አንድ እርምጃ ሳይራመድ አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሳቅ ለመመርመር የተነሣ ነው። መሳቅ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ሳቁ ቸኩሎ በመምጣቱ የሚሸፍንብን ነገር ስላለ ነው።

ስለዚህ ጥበብ በግቢያችን ወሬ በተነሣ ቁጥር አራት አባባሎች ይሰማሉ። አንዱ «ይህማ በሴት ላይ ማላገጥ ነው» ይላል። ሌላው «ማታለል ነው፤ ያልሆኑትን ነኝ ማለት» ይላል። ሦስተኛው «ድሮ ሴት ተዋናይ ስላልነበረ ነው፤ ዛሬ ምን ያደርጋል?» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። አራተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ተዋናዩ መኝታ ቤት ይጠይቃል። አራቱም የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ቀሚሱን አይተው ይፈርዳሉ እንጂ ጨዋታውን አያዩም። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ ቀሚሱ ብቻውን አይጫወትም። ጥበቡ የሚጀምረው ቀሚሱ ከተለበሰ በኋላ ነው፤ ሂስም መጠየቅ ያለበት ስለዚያ ሥራ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። ዛሬ ዓለም ይህን ትርኢት በእንግሊዝኛው ስም ድራግ ይለዋል። ጠበብ ሲል፣ ድራግ በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የምሽት መድረኮች ላይ ወንዱ በተጋነነ ኩል፣ ዊግና የሴት ልብስ የሚወጣበት ትርኢት ነው። ሰፋ አድርገን ስናየው ግን የጃፓን ካቡኪ፣ የቤጂንግ ኦፔራና የሼክስፒር ዘመን ቲያትር ሁሉ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ዘመድ ናቸው ማለት ግን አንድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። (ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. «በሴት ላይ ማላገጥ ነው»

ማላገጥ ቀላል ሥራ ነው። ደረት ላይ ጨርቅ መወተፍ፣ ድምፅን ማቅጠን፣ ዳሌን ማወዛወዝ፤ አለቀ። ለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እስቲ ከዚህ ጋር የጃፓኑን ኦናጋታ እናስተያየው። ኦናጋታ በካቡኪ ቲያትር ሴትን የሚጫወት ወንድ ነው። ትከሻውን ወደ ኋላና ወደ ታች ስቦ የጀርባውን አጥንቶች ያቀራርባል፤ ሰፊ ደረቱ ጠበብ፣ አንገቱ ረዘም ብሎ ይታያል። ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ቁመቱን ይቀንሳል። የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ ይመልሳል። በጉልበቶቹ መካከል ወረቀት ይዞ፣ ወረቀቱ ሳይወድቅ መራመድን ይለማመዳል። መዳፉን ከእጅጌው ሙሉ በሙሉ አያወጣም፤ ሰፊ መዳፍ ያሳብቃልና። የሚናገርበት ከፍ ያለ ድምፅም ለመድረክ ተብሎ የተሠራ እንጂ በመንገድ ከምናገኛት ሴት የተቀዳ አይደለም።

ይህም ሁሉ ገና ፊደል መቁጠር ነው። ልዕልቲቱ፣ የሳሙራዩ ሚስት፣ የከተማ ነጋዴ ልጅና የደስታ ሰፈር እመቤት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አረማመድ፣ የየራሳቸው አቀማመጥና አተያይ አላቸው። ኦናጋታው «ሴት»ን በጅምላ አይጫወትም፤ በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ መደብ፣ በአንድ ቀን ሐዘን ውስጥ ያለች አንዲትን ሴት ይጫወታል። በእኛ መድረክ የሚሳቅባት «ሴትዮ» ግን ስም የላትም፣ ሥራ የላትም፣ ቀሚስ ብቻ አላት።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1762 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ «ሳጊ ሙሱሜ» የሚባል የካቡኪ ጭፈራ አለ። ረጅም እግር ያላት ነጭ የውሃ ወፍ በሴት ልጅ አምሳል በበረዶ መካከል ትቆማለች። ነጭ ልብስ ለብሳለች፤ ጃንጥላ ይዛለች። ፍቅር አሳብዷታል። በ1950 የተወለደው፣ በ2012 የጃፓን መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠው ባንዶ ታማሳቡሮ ይህን ጭፈራ በዘመናችን ካስከበሩት ዋነኛው ነው፤ ቪዲዮውን ማንም አግኝቶ ሊያየው ይችላል። በጭፈራው መካከል ረዳቱ ከበስተጀርባ ሆኖ ልብሱን የያዙትን ክሮች ይስባል፤ ነጩ ልብስ በዓይን ቅጽበት ወልቆ ከሥሩ ደማቅ ልብስ ይወጣል፤ ወፏ ኮረዳ ሆነች ማለት ነው። መጨረሻዋ ግን ስቃይ ነው። ክንፏን እያራገፈች በበረዶው ላይ ትወድቃለች።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ሴትም ወፍም ሆኖ ይጫወታል። ወፍ ሆኖ ሲጫወት «ወፍ መሆን አምሮት ነው» ወይም «በወፎች ላይ አላገጠ» ያለ ሰው አልሰማሁም። አንገቱን እንዴት እንደ ሰበረ፣ እግሩን ከውሃ እንዴት እንደሚያነሣ አይተን እናደንቃለን። ታዲያ ወፏን ያየንበት ዓይን ሴቲቱ ዘንድ ሲደርስ ለምን ይታወራል?

፪. «ማታለል ነው»

ተታለለ የሚባለው እውነቱን ያላወቀ ሰው ነው። ካቡኪ ለማየት ቲኬት የቆረጠ ሰው ግን ተዋናዩ ወንድ መሆኑን ያውቃል፤ አባቱና አያቱ እነማን እንደ ነበሩም ያውቃል። እንዲያውም ልማዱን የተካኑ ተመልካቾች ጨዋታው ሲግል የተዋናዩን የቤት ስም ከመቀመጫቸው ጮክ ብለው ይጠራሉ። ልዕልቲቱ ስታለቅስ ከላይኛው ፎቅ የአንድ ወንድ ቤተሰብ ስም ያስተጋባል! ማንም አይደነግጥም። ይልቁንም ለቅሶው የበለጠ ይጠልቃል።

ይህን በሚገባ ያየ አንድ ትልቅ ሰው ነበር። በ1935 የቻይናው ሜይ ላንፋንግ (1894–1961) ወደ ሞስኮ ሄዶ ትርኢት ባሳየ ጊዜ ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬክት እዚያ ነበር። ሜይ ላንፋንግ በቤጂንግ ኦፔራ የሴት ገጸ ባሕርያትን በመጫወት ስሙ ከአገሩ አልፎ በጃፓንና በአሜሪካ የታወቀ ተዋናይ ነው። ብሬክትን ያስገረመው ግን በመድረኩ የታየው ሐርና ጌጥ ብቻ አልነበረም። ሰውየው በተራ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ኩልና ያለ መብራት፣ የራት ግብዣ ሱፉን እንደ ለበሰ የሴቷን እንቅስቃሴ ማሳየት መቻሉ ነበር። ቀሚስ የለም፣ ዊግ የለም፤ ሴቲቱ ግን አለች። ብሬክት ከዚህ ተነሥቶ ስለ ቻይና የትወና ጥበብ በጻፈው ታዋቂ መጣጥፍ ተዋናዩ ገጸ ባሕርይዋን ሆኖ እንደማይጠፋ፣ ራሱም እየታየ እሷን እንደሚያሳየን አስረዳ። ተመልካቹ በስሜት ተወስዶ አይሰክርም፤ እያየ ያስባል።

ለእኛ ለቅኔ አገር ልጆች ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። ሰሙን ለብሶ ወርቁን የደበቀውን ባለቅኔ «ዋሾ» ያለው ማን ነው? ጥበቡን የምናጣጥመው ሁለቱን በአንድ ቃል ውስጥ ስናገኛቸው ነው። ወንዱ ተዋናይና ሴቷ ገጸ ባሕርይም በአንድ አካል ውስጥ እንዲሁ ናቸው። አንዱ ሌላውን ቢውጠው ጨዋታው ያልቃል።

፫. «ሴት ስላልነበረ ነው»

ይህኛው አስተያየት ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህ ታሪኩን በወጉ ማየት ይገባል።

ካቡኪን የጀመረችው ሴት ናት። ኦኩኒ የምትባል ጨፋሪ በ1603 ገደማ በኪዮቶ ከተማ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ሰይፍ ታጥቃ ጭምር ትጫወት ነበር። ሾጉኑ በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ፤ ሰበቡ ሴተኛ አዳሪነትና የሕዝብ ጸጥታ ነበር። ቦታቸውን የያዙት ወጣት ወንዶችም በ1652 ታገዱና መድረኩ ለጎልማሶች ብቻ ቀረ። በእንግሊዝ አገርም ሼክስፒር ሲጽፍ በሕዝብ መድረክ ላይ ሴት አልነበረችም፤ ጁሊየትንም ሆነ ዴዝዴሞናን የተጫወቱት ልጅ እግር ወንዶች ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» ስናነብ፣ ታንቃ የምትሞተው ያቺ ሚስት መጀመሪያ የተጻፈችው ለወንድ ልጅ አካልና ድምፅ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1660 ለንደን ላይ ዴዝዴሞናን ሴት ተጫወተቻት፤ ብዙም ሳይቆይ የወንዶቹ ልማድ ከዚያ አገር መድረክ ጠፋ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ውርደት ይቆጠር ስለ ነበር የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ወላጆቻችን በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሯቸው ያደጉባቸው አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከነዚያ ተዋናዮች አንዱ ነበሩ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩ ሁሉ አባት እንደ ሞተበት አለቀሰ፤ በወጣትነታቸው ቀሚስ ለብሰው መጫወታቸው ከክብራቸው አንዲት ነገር አላጎደለም። ነውሩን ጥሰው መድረኩን ከረገጡት ቀደምት ሴቶች መካከል ደግሞ አስናቀች ወርቁ ትገኛለች፤ እሷና ጓደኞቿ ስድቡን ችለው በሩን ከፈቱ።

እንግዲህ እንግሊዝንና ጃፓንን እናወዳድር። በእንግሊዝ ሴቶቹ ሲመጡ ወንዶቹ ቀሩ፤ እዚያ ነገሩ የምትክ ጉዳይ ነበር ቢባል ያስኬዳል። በጃፓን ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ሴቶች ወደ ቲያትር ተመልሰው እያለ ኦናጋታው ከካቡኪ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አለ። ለምን? ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጠራቀም የኖረው የእጅና የእግር ቋንቋ የራሱ ጥበብ ሆኖ ነበርና ነው። እገዳው ግፍ ነበር፤ ሊወገዝ ይገባል። ሆኖም እገዳው የጥበቡን መወለድ ያስረዳን ይሆናል እንጂ እገዳው ከተነሣ በኋላ መኖሩን አያስረዳም።

፬. የመኝታ ቤቱ ጥያቄ

የ17ኛውና የ18ኛው መቶ ዓመት ታላቅ ኦናጋታ ዮሺዛዋ አያሜ (1673–1729) ተዋናዩ ከመድረክ ውጭም በዕለት ኑሮው እንደ ሴት መኖር አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። ይኸው ሰው ደግሞ ልጆቹ ስመ ጥር ተዋንያን የሆኑለት አባት ነው። ሜይ ላንፋንግ ባለትዳርና የልጆች አባት ነበር፤ ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ ለወራሪው አልጫወትም ብሎ ጢሙን አሳደገ። በሴት ገጸ ባሕርይ የታወቀ ሰው ጢም ሲያሳድግ ማንም ያልሳተው የእንቢታ ቋንቋ ነበር! እነዚህን ሰዎች አይቶ «ሴትን የሚጫወት ሁሉ እንዲህ ነው» የሚል ሕግ ማውጣት አይቻልም።

በሌላ በኩል እውነቱን መሸፈንም አይገባም። የአሜሪካው ድራግ ያደገው ባብዛኛው ተመሳሳይ ጾታ በሚያፈቅሩ ሰዎች መካከል ነው፤ ዋጋም ተከፍሎበታል። ዊሊያም ዶርሲ ስዋን የሚባል፣ በባርነት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ በ1880ዎቹ በዋሽንግተን ከተማ ወንዶች የሴት ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩበትን ግብዣ ያዘጋጅ ነበር፤ በ1888 ፖሊስ ቤቱን ሰብሮ ሲገባ ተጋፍጦ ታሰረ። ይህን ታሪክ ማወቅ ጥበቡ ለምን እልህና ኩራት እንዳለው ያስረዳል። ግን የሰው ኑሮ ሌላ፣ የሰው ሥራ ሌላ ነው። ስለ አንድ ባለቅኔ ትዳር ብናውቅ ቅኔው ቤት መምታቱንና አለመምታቱን አይነግረንም።

ድራግ ከኦናጋታ የሚለይበት ነገር

ኦናጋታ እየቀነሰ ይሠራል፤ ድራግ እየጨመረ። ቅንድቡ እስከ ግንባር፣ ዊጉ እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ተዋናዩ በራሱ ድምፅ አይዘፍንም፤ በሸክላ የተቀዳ የሌላ ሰው ዘፈን ሲሄድ ከንፈሩን እያስማማ ይጫወታል። «የራሱ ድምፅ ካልሆነ ምኑ ጥበብ ነው?» የሚል ይኖራል። ጥበቡ ያለው ትንፋሹ ላይ ነው፤ ዘፋኟ አየር የሳበችበትን፣ ድምፅዋ የተሰበረበትን ቦታ ፊቱ ካልያዘው ትርኢቱ ወዲያው ይሞታል። ማጋነኑም ቢሆን የራሱ ፍሬ አለው። ውበት የሚባለው ነገር ምን ያህል በኩል፣ በመቀነትና በመከራ የሚሠራ እንደ ሆነ አጉልቶ ያሳያል።

በ1990 የወጣው የጄኒ ሊቪንግስተን ዘጋቢ ፊልም «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» በ1980ዎቹ በኒው ዮርክ የነበረውን የጥቁሮችና የላቲኖች የውድድር ግብዣ ያሳያል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የቀሚሱ ውድድር አይደለም። የሥራ አስኪያጅ ምድብ አለ። በድህነት የሚኖሩ ወጣቶች ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ቦርሳ አንጠልጥለው ባንክ ቤት እንደሚያዝ ሰው ይራመዳሉ፤ ዳኞችም ነጥብ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ሳቁ ይቆማል። ያ አረማመድ ሊጠና የሚችል ከሆነ፣ እውነተኛው ሥራ አስኪያጅም አጥንቶት ነው ማለት ነው! በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተሰጥኦ ሳይሆን ማን ወደ ፎቁ እንዲወጣ እንደ ተፈቀደለት ነው። ቀሚሱም ሱፉም የሚለበስ ነገር መሆኑን ካወቅን በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው እንደ ድሮው አናየውም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ

ከሰማኋቸው ተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደው የአንዲት የክፍል ጓደኛችን ነው። «ወንዶች አግደውን፣ ቦታችንን ይዘው፣ የምትመኟትን ሴት ሠርተው ሲያበቁ፣ እንግዲህ ሴት ማለት ይህች ናት አሉን። እኔ የት አለሁበት?» አለች። ይህ ጥያቄ በቀልድ አይታለፍም። የአያሜ ሴት ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ዓይኗን ወደ መሬት የጣለች ናት፤ በእሷ ውስጥ የዘመኑ ወንዶች ምኞት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አድናቆታችን ይህን ሊያስረሳን አይገባም።

ግን መልሱ ጥበቡን መዝጋት ሳይሆን በሩን ከሌላውም ወገን መክፈት ይመስለኛል። በ1913 በጃፓን የተመሠረተው የታካራዙካ ቡድን ተዋንያኑ በሙሉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹንም የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት ወንድ ቁመናው ያማረ፣ አነጋገሩ የለዘበ፣ ሴትን የሚያዳምጥ ነው። በመንገድ ላይ ይገኛል? እንጃ! እዚህኛው መስተዋት ላይ ደግሞ የሴቶች ምኞት ይነበባል። ሁለቱ መስተዋቶች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው ነገሩ የሚጠራው።

ወደ እኛው መድረክ

የእኛ ችግር እንግዲህ ወንዶች ሴትን መጫወታቸው አይደለም፤ አለመጫወታቸው ነው። ነጠላውን ይከናነቡና እዚያው ይቆማሉ። ነጠላ አጣፋኝ እንኳ አያውቁትም፤ ለሐዘን የሚጣፋውና ለቤተ ክርስቲያን የሚጣፋው አንድ መስሏቸዋል። ሴቲቱ ለምን እንደ ጮኸች፣ ወገቧ ለምን እንደ ጎበጠ፣ ስንት እንስራ ውሃ እንደ ተሸከመች አልጠየቁም። አልጠየቁምና አይጫወቱም፤ አይጫወቱምና የሚሳቀው በተዋናዩ ሳይሆን በእናቶቻችን ይሆናል። ማላገጥ ካልነው፣ ማላገጡ የመጣው ከስንፍና ነው። ትጋት ያለው ተዋናይ ያው ነጠላ ትከሻው ላይ ቢያርፍ ሌላ ነገር ያሳየን ነበር።

ስለዚህ ሂስ የምንጽፍ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ብንጠይቅ ይበጃል። ተዋናዩ የሚጫወታት ሴት ስም፣ ዕድሜና ሥራ አላት ወይ? ቀሚሱ ቢወልቅና እንደ ሜይ ላንፋንግ በተራ ሱፍ ቢቆም፣ በእጁና በአንገቱ ብቻ እሷን ሊያሳየን ይችላል ወይ? ከአዳራሹ ስንወጣ ስለ ሴትና ስለ ወንድ ቀድሞ ያላስተዋልነው ነገር ይዘን ወጥተናል ወይ? ለነዚህ መልስ ያለው ትርኢት፣ ከየትኛውም አገር ይምጣ፣ ኪነ ጥበብ ነው። መልስ የሌለው ደግሞ ቀሚስ ነው።

የድራማ ክበባችን በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ አሳዛኝ ተውኔት መርጦ እናቲቱን ለወንድ፣ ዳኛውን ለሴት ይስጥ ብዬ አሳብ አቀርባለሁ። ልምምዱ ግን በንግግር ጥናት አይጀመር፤ ሁለቱም ቢያንስ አንድ ወር ሰው ሲራመድና ሲቀመጥ ብቻ ይመልከቱ። መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ ይስቃል፤ ይሳቅ። ከአምስት ደቂቃ በኋላም እየሳቀ ከሆነ ጥፋቱ የተዋናዩ ነው፤ ሂሱንም በዚሁ መጽሔት እንጽፈዋለን።